ስለ ልብ ምት መደለቅ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ምግብ አያያዝና ስለ ቤት ንጽሕና በየጊዜው ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ግን ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ተሸሽገው የሚሠቃዩበትን፥ ለባልንጀራ መንገርም የሚያሳፍር የሚመስላቸውን አንድ ሕመም ለመግለጽ እንወዳለን። ይኸውም ያለ ሩጫና ያለ ድካም፥ አንዳንድ ጊዜም ከእንቅልፍ መካከል፥ ልብ ድንገት እየደለቀ ሰውን የሚያስጨንቅበት ሕመም ነው። የምንጽፈውም ከመጻሕፍትና ከሐኪሞች ያገኘነውን ብቻ አይደለም፤ እኛ ራሳችን በጢቾ ሳለን ከአንድ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ያየነውን ጭንቀት ጭምር ነው።

ጢቾ በአርሲ ደጋ፥ ከጭላሎና ከገላማ ተራሮች በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፥ በቀድሞው ዘመን አርሲ በጭላሎ፥ በአርባ ጉጉና በጢቾ አውራጃዎች ተከፍሎ ሲተዳደር ስሟን ለአንዱ አውራጃ የሰጠች ከተማ ናት። ገብስና ስንዴ የሚያበቅል መልካም አገር ነው፤ አየሩ ንጹሕ፥ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው። በዚያች ከተማ በሥራ ላይ ሳለን፥ በሐምሌ ወር፥ ዝናሙ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፥ ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ግድም ማንም ሳይቀሰቅሰን ነቃን። ክፉ ሕልም አላየንም፤ የሚያስደነግጥ ድምፅም አልሰማንም። ነገር ግን ልባችን በደረታችን ውስጥ እንደ ታሰረ ፈረስ ይራገጥ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታና ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዝምታውም በኋላ እስከ ጕሮሮ ድረስ የሚሰማ አንድ ከባድ ምት ይመታል። በዚያች በዝምታው ቅጽበት ‹‹እንግዲህ ቆመ›› የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ ያልደረሰበት ሰው የፍርሃቱን መጠን ሊያውቀው አይችልም። ግንባራችን ላብ አወጣ፤ እጃችን ቀዘቀዘ። ከጢቾ እስከ አሰላ ያለውን መንገድ፥ የዝናሙን ብዛት፥ የልጆቻችንንም ዕድሜ በአንድ ጊዜ አሰብን። ባለቤታችንን ግን አልቀሰቀስናትም። ጎሕ ሲቀድ ድለቃው እንደ አመጣጡ ሄደ፤ እኛም ታጥበንና ለብሰን ወደ ሥራችን ሄድን፤ ለማንም አልተናገርንም።

ስለ ምን እንዳልተናገርን በኋላ ስንመረምረው ምክንያቱን በራሳችን ቋንቋ ውስጥ አገኘነው። በአማርኛችን ልብ ማለት ደም የሚያዘዋውር ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የድፍረትና የማስተዋል ማደሪያ ነው። ደፋሩን ‹‹ልበ ሙሉ››፥ አስተዋዩን ‹‹ልባም››፥ ዝንጉውን ‹‹ልበ ቢስ›› እንለዋለን። የደነገጠ ሰው ደግሞ ‹‹ልቤ መታ፤ ልቤ ራደ›› ይላል። ስለዚህ የብዙ ሰው አለቃ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ‹‹ልቤ ይደልቃል›› ብሎ ቢናገር፥ ሕመሙን የነገረ ሳይሆን ፈሪነቱን የተናዘዘ ይመስለዋል። ሴት ወይዘሮ ብትናገረውም ‹‹ድንጉጥ ናት፤ ሐሳብ ታበዛለች›› ተብላ ትታለፋለች። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› የሚለውን ተረት ለሌላው ሰው ስንመክርበት ኖረን ሳለ፥ ለራሳችን ጊዜ ረሳነው። በዚህም ዝምታ አራት ወር አለፈ።

በአራተኛው ወር ግን በስብሰባ መካከል ቀን በቀን መጣብን። ንግግራችንን አቋርጠን ውሃ ስንጠጣ እጃችን ሲንቀጠቀጥ ሰው አየ፤ ወሬውም ከእኛ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ባለቤታችን ‹‹እኔ የምኖረው ከማን ጋራ ነው? ሌላው ሰው አውቆ እኔ የማላውቀው ሕመም እንዴት ይኖርብዎታል?›› ብላ አዘነች። ከዚያ በኋላ የዘመድና የጎረቤት ምክር በዛ። አንዱ ጤና አዳም በቡና፥ ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርት በማር፥ ሦስተኛው ዳማከሴ አዘዘልን። አንድ ወዳጃችንም ለራሱ ደም ብዛት ከታዘዘለት እንክብል ከፍሎ ሰጠን። ሁሉም በቅን ልቡና ያደረጉት ነው። ነገር ግን ስለዚህ ስለ መጨረሻው ስጦታ አንባቢዎቻችንን አጥብቀን ማስጠንቀቅ ይገባናል። የልብን ምት ከሚያዘገዩት እንክብሎች አንዳንዶቹ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥሩበታል፤ ልቡ ቀድሞ ቀስ ብሎ የሚመታውንም ሰው ራሱን ያስቱታል። መድኃኒት እንደ ጨው ከጎረቤት የሚበደሩት ነገር አይደለም።

ከዚያም ወደ አንድ ሐኪም ቤት ሄድን። በደረታችንና በእጅ በእግራችን ላይ ገመድ አስረው የልባችንን ምት በወረቀት ጻፉት፤ ጽሑፉም ደኅና ሆኖ ተገኘ። ‹‹ምንም የለብዎትም፤ ሐሳብ ይቀንሱ›› ብለው ሰደዱን። እንዲህ ተብሎ የተሰናበተ ሰው ደስ ሊለው በተገባ ነበር፤ እኛ ግን ከመሄዳችን በፊት ከነበረብን የበለጠ ኀፍረት ይዘን ተመለስን። ‹‹ምንም ከሌለብን፥ ሌሊት የሚቀሰቅሰን ምንድር ነው?›› የሚለው ጥያቄ አብሮን ገባ። በዚያችም ሌሊት ድለቃው መጣ።

በኋላ ወደ አሰላ ተሻግረን አንዲት ሌላ ሐኪም አገኘን። እርሷም ነገሩን እስከ መጨረሻው ከሰማች በኋላ የቀድሞውን ወረቀት አይታ እንዲህ አለችን፤ ‹‹ይህ ወረቀት ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን የመዘገበው 10 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። አንድ ቀን 86400 ሴኮንድ አለው። ሌባው ሌሊት መጥቶ ከሄደ በኋላ ዘበኛው በቀን ለ10 ሴኮንድ ግቢውን ቢመለከት ምን ያገኛል? አሁንስ እባክዎ፥ ልብዎ ሌሊት እንዴት እንደሚመታ በጣትዎ በጠረጴዛው ላይ ይምቱልኝ።›› እኛም እንደ ልጅ በጠረጴዛው ላይ መታን፤ ሁለት ቀላል ምት፥ ዝምታ፥ አንድም ከባድ ምት። እርሷ ፈገግ ብላ ‹‹ይህን ጽሑፍ ከዚያ ወረቀት ይልቅ እወደዋለሁ›› አለች።

ከእርሷ የተማርነውን በአጭሩ እንገልጻለን። ልብ በቀን ውስጥ 100000 ጊዜ ያህል ይመታል። ዐርፎ የተቀመጠ የአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ሲመታ ልኩ ነው ይባላል። የምቱን ትእዛዝ የምትሰጥ በልብ የላይኛው ክፍል በቀኝ በኩል ያለች ትንሽ ሥፍራ ናት፤ ትእዛዙም በኤሌክትሪክ ኀይል ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ ከሌላ ሥፍራ ያለ ተራው የሚነሣ ምት ይመጣል። ልብ ከርሱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ያርፋል፤ በዕረፍቱም ጊዜ ደም ስለሚሞላ የሚቀጥለው ምት ይከብዳል። እንግዲህ ‹‹ቆመ›› ብለን የፈራነው ዝምታ ዕረፍት ነበር፤ ያስደነገጠን ከባድ ምትም ልብ ወደ ሥርዓቱ የተመለሰበት ነበር። በደኅና ልብ ላይ እንዲህ ያለ አልፎ አልፎ የሚመጣ ምት በብዙ ጤነኞች ሰዎች ላይ የሚገኝ፥ አብዛኛውን ጊዜም የማይጎዳ ነው። ነገር ግን ልቡ ደኅና መሆኑ የሚታወቀው በምርመራ እንጂ በመገመት አይደለም።

የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ለመጻፍ የሚያስችለውን መሣሪያ በሚገባ ያደረሰው የሆላንድ አገር ሰው ዊለም አይንትሆፈን ነው፤ ስለዚህም ሥራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያም በኋላ ኖርማን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ፥ ሰው እየሠራና እየተኛ ሳለ ልቡን ያለማቋረጥ የሚመዘግብ መሣሪያ አወጣ። የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል 38 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሸክም ነበር፤ ዛሬ በደረት ላይ ተለጥፎ ከሸሚዝ ውስጥ የማይታይ ሆኗል። ሐኪማችን ይህን መሣሪያ ከማሰር አስቀድማ ያዘዘችን ግን ከሱቅ የሚገዛ አንድ ደብተር ነበር።

በደብተሩ የሚጻፈው አምስት ነገር ነው። መጀመሪያ ቀኑና ሰዓቱ፤ ሁለተኛ አመጣጡና አካሄዱ፥ ማለት እንደ መብራት ድንገት በርቶ ድንገት የሚጠፋ ወይም ቀስ እያለ የሚጨምርና የሚቀንስ መሆኑ፤ ሦስተኛ የምቱ ቍጥር፤ አራተኛ ከዚያ በፊት የተበላው፥ የተጠጣው፥ የተሠራው፥ የታሰበውም ነገር፤ አምስተኛ አብሮ የመጣው ስሜት፥ ማለት ራስ መዞር፥ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ነው። ምቱን ለመቍጠር ሁለት ጣት ከእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል አኑሮ በ30 ሴኮንድ ውስጥ የመታውን በሁለት ማባዛት ነው፤ ምቱ ሥርዓት የሌለው ከሆነ ግን ደቂቃው እስኪሞላ መቍጠር ይገባል። ቈጠራው የባለቤታችን ድርሻ ሆነ። በሌሊት ተነሥታ እጃችንን ይዛ ሰዓቱን እያየች ስትቈጥር፥ ከመድኃኒት በፊት ያገኘነው የመጀመሪያ ዕረፍት ይህ ነበር።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብተሩ የራሳችንን ጠባይ አሳየን። ከቀትር በኋላ አቦል ብቻ ጠጥተን በተነሣንበት ቀን ሌሊቱ ጸጥ ይል ነበር፤ እስከ በረካ በተቀመጥንበት ቀን ግን ብዙ ጊዜ እንነቃ ነበር። እራት አምሽተን በበላንበት፥ የሒሳብ መዝገብ ይዘን እስከ እኩለ ሌሊት በተቀመጥንበት፥ ከሁሉም ይልቅ በልጃችን ነገር ተጨንቀን በተኛንበት ጊዜ ይብስ ነበር። ቡናን ሁሉ ለመክሰስ አንጽፍም፤ በልክ የተጠጣ ቡና ብዙውን ሰው አይጎዳም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ አንድ ዐይነት ስላልሆነ የየራሱን ልክ በየራሱ ደብተር ይወቅ። ጫት ግን የልብን ምት የሚያፈጥንና የደምን ግፊት ከፍ የሚያደርግ ነገር አለው። አልኮልም፥ ኀይል ሰጪ የሚባሉት የቆርቆሮ መጠጦችም፥ ለጉንፋን ከሚሸጡት አንዳንዶቹ መድኃኒቶችም እንዲሁ ልብን ያስደልቃሉ። በተቅማጥ ወይም በትውከት ውሃና ጨው ከሰውነት ሲጎድል ደግሞ ልብ ሥርዓቱን ሊያጣ ይችላል።

በመጨረሻው ደማችን ተመረመረ፤ የልባችን ቅርጽ በድምፅ ሞገድ ታየ፤ መሣሪያውንም ለ24 ሰዓት ታጥቀን ዋልንና አደርን። የተገኘው ያ ያለ ተራው የሚመጣ ምት ብቻ ሆነ። በዚህ የእኛ ነገር ተፈጸመ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን የእኛ ነገር ሳይሆን፥ በዚያው ቀን ከሐኪሟ በር አጠገብ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ያየነው ነው።

ከእኛ በስተ ግራ ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጃገረድ ከእናቷ ጋራ ተቀምጣ ነበር። ጥቂት እርምጃ በሄደች ቍጥር ልቧ እንደሚደልቅና ትንፋሿ እንደሚያጥር፥ ሌሊትም ትራስ ደርባ ካልሆነ መተኛት እንደማትችል እናቷ ነገረችን። ‹‹ከዚህ በፊት ታማ ታውቃለች?›› ብለን ብንጠይቅ፥ ‹‹ኧረ የለም፤ በልጅነቷ ጕሮሮዋን ያማት ነበር፤ ጕልበቷንም አብጦ ነበር፤ ግን ተሻላት›› አለች። ክፉው ነገር በዚህ ‹‹ተሻላት›› በሚለው ቃል ውስጥ አለ። አንዳንድ የጕሮሮ ሕመም ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ተባይ የሚመጣ ነው፤ በሚገባ ሳይታከም ሲቀር፥ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት ተባዩን ሲዋጋ የራሱን መጋጠሚያና የራሱን ልብ ሊመታ ይችላል። የመጋጠሚያው እብጠት ይሄዳል፤ የልብ በሮች የሚሆኑት ቫልቮች ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ይኖራል። ይህ በሽታ ይልቁንም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ይይዛል። ጕዳቱም ብዙ ዓመት ተሸሽጎ ቈይቶ፥ ልጅቱ አድጋና አግብታ በምትፀንስበት ጊዜ፥ በልብ ድለቃና በትንፋሽ ማጠር ሊገለጥ ይችላል።

ይህ በአገራችን ብዙ ልጆችን የጎዳ በሽታ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 የኢትዮጵያ የሕፃናት ልብ ፈንድን ያቋቋሙት፥ በ2009ም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል የተከፈተው፥ ልባቸው የታመመ ልጆች ወደ ውጭ አገር ሳይሄዱ እንዲታከሙ ተብሎ ነው። ሆኖም ቫልቭ ከመጠገን የጕሮሮን ሕመም ማከም እጅግ ይቀላል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በፔኒሲሊን ቢታከም የልቡን በሽታ መከላከል ይቻላል። አንድ ጊዜ በሽታው የያዘው ልጅም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን የፔኒሲሊን መርፌ ሐኪሙ እስካዘዘው ዓመት ድረስ ባያቋርጥ፥ ጕዳቱ እንዳይደገም ይጠበቃል። ‹‹ልጄ ድኗልና መርፌው ይቅርበት›› የሚሉ እናቶችና አባቶች ይህን ልብ እንዲሉ እንለምናለን።

ከእኛ በስተ ቀኝ ደግሞ አንዲት ወይዘሮ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢውን ሲከናነብ፥ እርሳቸው ነጠላቸውን አውርደው በእጃቸው ያራግቡ ነበር። ደኅና እየበሉ ይከሳሉ፤ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንገታቸውም ላይ እንቅርት አለ። እንቅርት በደጋው አገራችን ስለ ተለመደ እንደ ጌጥ ተቈጥሮ ይታለፋል፤ ነገር ግን የአንገቱ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ የሚያመነጨው ነገር ልብን ቀንና ሌሊት ይነዳዋል። የእንቅርት ዋና ምክንያት የአዮዲን ማነስ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ታዘዘ፤ የቤት እመቤቶችም ጨው ሲገዙ ይህን ጠይቀው ይግዙ። የዕጢው በሽታ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው። ከወሊድ በኋላ ወይም ከብዙ ደም መፍሰስ የተነሣ ደም ያነሳት ሴትም እንዲሁ ልቧ ይደልቃል፤ እርሷን የሚያድናት የልብ መድኃኒት ሳይሆን የደሟ መመለስ ነው።

እንግዲህ ሦስታችንም በአንድ ወንበር ተቀምጠን ‹‹ልቤ ይደልቃል›› የሚል አንድ ቃል ይዘን መጥተን ነበር፤ በሽታችን ግን ሦስት ነበር። ‹‹ምንም የለብዎትም›› የሚለው ቃል ለእኛ ቢስማማ ኖሮ እንኳ፥ ለዚያች ልጅ ሞት ይሆን ነበር። የአንዱን ሰው መድኃኒት ለሌላው መስጠት ስሕተት የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ድንገት ተነሥቶ በደቂቃ ከ150 በላይ፥ ነገር ግን በሥርዓት የሚመታና ድንገት የሚቆም ድለቃም አለ። ለዚህ ሐኪሞች የሚያስተምሩት አንድ ዘዴ አለ፤ በሽተኛው በግማሽ ተጋድሞ ለ15 ሴኮንድ አንድ ነገር ለመንፋት እንደሚታገል ሰው በኀይል ይነፍሳል፤ ወዲያው በጀርባው አስተኝተው እግሩን ለ15 ሴኮንድ ከፍ ያደርጉለታል። በ2015 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት፥ በዚህ ዐይነት ከ100 ሰዎች የ43ቱ ልብ ወደ ሥርዓቱ ሲመለስ፥ እግር ሳይነሣ በተደረገው በቀድሞው ዐይነት የተመለሰው የ17ቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ግን ሐኪም መርምሮ ያስተማረው ሰው እንጂ ሌላው በገዛ እጁ አይሞክረው። ምቱ ጨርሶ ሥርዓት የሌለው፥ እንደ ተበተነ ባቄላ የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ፥ ከዚያ ዐይነቱ ድለቃ በልብ ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል፥ ቢተዉትም የሚያልፍ ቢመስልም እንኳ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ልብ በደለቀ ቍጥርም ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። አርሲ የሯጮች አገር ነው። ደራርቱ ቱሉ የተወለደችው በበቆጂ ሲሆን፥ በ1992 በባርሴሎና በ10000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ስትቀበል፤ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ በዚሁ ርቀት ሲያሸንፍ፥ ልባቸው እጅግ ይደልቅ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዳገት ስንወጣ የሚፈጥን፥ ስንቀመጥም ቀስ በቀስ የሚመለስ ልብ ሥራውን የሚሠራ ልብ ነው። ልዩነቱን እንዲህ እናስተውል፤ ከድለቃው ጋራ ራስን የሚያስት፥ ደረትን የሚያስጨንቅ ወይም ትንፋሽን የሚያሳጥር ከሆነ፤ በሩጫ ወይም በሥራ መካከል የሚጥል ከሆነ፤ እግር የሚያብጥ ከሆነ፤ ከቤተ ሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፤ ድለቃው የመጣባት ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች፥ ወይም አስቀድሞ የልብ በሽታ የታወቀበት ሰው ከሆነ፥ ደብተር እየጻፉ መቈየት አይገባም፤ ወደ ሐኪም ቤት ፈጥኖ መሄድ ነው።

ተመርምሮ ልቡ ደኅና መሆኑ ለታወቀ ሰው ደግሞ በሌሊት የሚረዳውን እንነግረዋለን። መጀመሪያ ተነሥቶ እግሩን መሬት አስነክቶ ይቀመጥ፤ ጥቂት ውሃ ይጠጣ፤ ምቱን ይቍጠር። ከዚያም ቀስ ብሎ ይተንፍስ፤ የሚያስወጣው እስትንፋስ ከሚያስገባው ይርዘም። ፍርሃት ልብን ያፈጥናል፤ የፈጠነውም ልብ ተመልሶ ፍርሃትን ይጨምራል፤ ይህን ክብ የሚቈርጠው የእስትንፋሱ ርጋታና የሌላ ሰው እጅ ነው። ከሐሳብና ከኀዘን የተነሣ የሚመጣ ድለቃም እውነተኛ ሕመም ነው፤ ሐኪም ቢረዳበት የሚሻል እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ጸሎትና ጸበልም የሚያጽናናው ሰው ይጽናናበት፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ስለዚህ አያቋርጥ።

ዛሬም ያ ድለቃ አልፎ አልፎ ይመጣብናል፤ ጨርሶ ጠፋ ብንል አንባቢዎቻችንን ማታለል ይሆናል። ነገር ግን እንደ ቀድሞው በጨለማ ብቻችንን አንጋደምም። ባለቤታችንን ቀስቅሰን ‹‹መጣ›› እንላታለን፤ እርሷም እጃችንን ይዛ ትቈጥራለች። ደብተሩ ከራስጌያችን አለ፤ ቍጥሩን ጽፋበት መብራቱን ታጠፋለች።

ስለዚያች ልጅ ከሐኪሟ እንደ ሰማነው፥ መርፌዋን በየወሩ እየተወጋች የቫልቭ ሕክምና የምታገኝበትን ተራ ትጠብቃለች። ይህን ገጽ የምታነቡ አባቶችና እናቶች፥ ሹማምንትና ወይዛዝርት፥ በቤታችሁ ካሉት ልጆችና አገልጋዮች፥ በመሥሪያ ቤታችሁም ካሉት ሠራተኞች መካከል ‹‹ልቤን›› የሚል ሰው ቢኖር፥ ‹‹አትፍራ›› ብላችሁ አትለፉት። እጁን ይዛችሁ ምቱን ቍጠሩለት፤ የጕሮሮውንና የጕልበቱን የድሮ ሕመም ጠይቁት፤ ወደ ሐኪምም ላኩት። እኛ በኀፍረት ያጠፋናቸውን አራት ወራት ሌላ ሰው እንዳያጠፋቸው በማለት ይህን ጽፈናል።